እጅ የማይገባበት ሥራ

ይድረስ ለልጄ ለመቅዲ፣

ከሄድሽ ወዲህ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ከሐዘናችን በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን።

ወንድምሽ ባዘዘው፣ እዚያ ፋብሪካችሁ ውስጥ የቆመ ማሽን ሊያስነሣ ገብቶ፣ ማሽኑ ድንገት ተነሥቶበት መቅረቱን ሽማግሎቹ ያረዱኝ ማለዳ፣ ገብስ ላሰጣ ወጥቼ ነበር። ገብሱ አሁን ጎተራ ገብቷል፤ ላሚቱም ወልዳለች።

ለተዝካሩ አንቺ ፈቃድ ብታጪም ባልደረባችሁ የኔዓለም መጣልን። «እማማ፣ አሁን የመኪናውን ባትሪ የሚደረድረውም ብሎኑን የሚያጠብቀውም ሮቦት ነው፤ ሰው እጁን አያስገባም» አለኝ።

«ታዲያ የኔ ልጅ ምን ትሠራለች?» አልሁት።

«አንዳንዴ ይቆማል፤ ያን ጊዜ ገብታ ታስነሣዋለች።»

አባትሽ «እንደኛ ቦራ በሬ መለገም ያውቃል በለኛ!» ብሎ ፈገግ አለ። እኔ እንግዶቹን ላስተናግድ ተነሣሁ።

ሉማሜ ያለችው አክስትሽ የብርጓል፣ ሻይ ቤቷ ገበያው ደርቶላት ረዳት ትፈልጋለች። እንዲያው ወሬ ነው።

ይህን ለባልደረቦችሽ ሁሉ አንብቢላቸው። ማሽኑ በቆመ ቁጥር፣ ማንም ከመግባቱ በፊት፣ ለባዘዘው ነፍስ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙልኝ። የክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ነው። እስከ መጨረሻው ድገሙት፤ አትቸኩሉ።

እመቤታችን በጥላዋ ታኑርሽ።

እናትሽ አንጓች፣ ከደምበጫ