አልመጣም፣ ሲጠብቅና ሲላላ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬም መንገድ ላይ ዋልኩ። የልብስ ፋብሪካችን ቅርንጫፍ አዳዲስ ሰፊዎች ማሽኑ ላይ ክር እንኳ በወጉ አያስገቡም... ይለምዳሉ። ኤርፎኔ ግን ገደለኝ። ግራው ጆሮዬን ያቆስላል፣ ቀኙ በእጅ ካልያዙት አይሰማም። አብሮኝ የሚያሠለጥነው ራዲዮ (ቅጽል ስሙን ያወጣለት ሰው ይባረክ፣ አፉ አይዘጋም) "እትዬ፣ ይሄን ጣይውና ደህና ሄድፎን ግዢ" አለኝ። መግዛቱንስ በገዛሁ። ትልቁ መነፅሬን ከጆሮዬ ጋር ይጨምቀዋል፣ ትንሹ መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ይወድቃል። ያለ ሙዚቃ ደግሞ የአራት ሰዓት መንገድ ከራዲዮ ጋር... አይሞከርም!

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ሚጣ ደወለች! ራሷ! ያንን ሥራ አትግቢበት ብያት፣ "ሕይወቴ ነው" ብላኝ ከተማ ከቀየረች ወዲህ ክረምቱን ሙሉ ተኮራርፈን ነበር። "እሁድ ልመጣ ነው እማዬ፣ አንድ የማውቀው ሰው በመኪናው ያደርሰኛል" አለች። ያለችኝ አንድ ልጅ... ኩርፊያው ይብቃን። ትምጣልኝ ብቻ።

እሁድ፣ ጥቅምት 9

አልመጣችም።

ጠዋት ገበያ መሃል ሳለሁ ደወለች። ጫጫታው፣ ያ የተረገመ ኤርፎን... "እማዬ... አልመጣም..." የሰማሁት ይሄን ብቻ ነው። "እንደፈለግሽ!" ብዬ ዘጋሁት። ስልኩንም አጠፋሁ። ለእሷ የገዛሁትን ሁሉ እንደተሸከምኩ እህቴ ቤት መጣሁ፣ እዚሁ ላድር ነው። ምን ላድርግ? ብቻዬን ቁጭ ብዬ በር በር ልይ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ጎረቤቴ ደጅ ላይ ያዘችኝ። "ልጅሽ ትናንት መጥታ ነበር እኮ! በርሽ ላይ ተቀምጣ ተቀምጣ፣ ግቢ ብላት እምቢ ብላ፣ ወደ ማታ ተመለሰች።"

እዚያው ስልኬን ከፍቼ ለሚጣ ደወልኩላት።

"አልመጣም አላልሽኝም እንዴ?"

"ባለመኪናው አልመጣም ነው ያልኩሽ! በአውቶቡስ እየመጣሁ ነው ልልሽ ስል ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው።"

እሷ አጥብቃ የተናገረችውን እኔ አላልቼ ሰማሁት። ሲጠብቅ የቀረው ሰውየው ነው፣ ሲላላ የቀረችው ልጄ ናት። ሲጻፍማ ያው ነው... ይኸው እኔም ስጽፈው ያው ሆነ። ደጃፌ ላይ ቁጭ ብላ ስልኬን ስትሞክር ዋለች። እኔ እናት ነኝ?

"ይቅር በይኝ ሚጣዬ" አልኳት።

"ይሁን፣ በቃ። ሥራ ላይ ነኝ።" ዘጋች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ደወልኩ። "ደህና ነኝ።" ሌላ የለም። ኤርፎኑን ቆሻሻ ውስጥ ወረወርኩት። እልሄ ግን አልወጣልኝም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ሄድፎን ገዛሁ። ባለሱቁ ያልደረደረልኝ ዓይነት የለም። "ይሄ ቤዙ ልዩ ነው፣ ደረትሽን ይመታል" ይለኛል። ደረቴ ምን በወጣው! ከባድም ነው፣ አድርጌው ትንሽ እንደቆየሁ አንገቴን ያዘኝ። ሌላው ቀላል ነው፣ ይታጠፋል፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ትራሱ ለስላሳ ነው፣ ከመነፅሬም ጋር አልተጣላም።

"ስልክህን ይዘህ መንገድ ዳር ውጣና ደውልልኝ" አልኩት። "አልመጣም በል። አንዴ አጥብቀህ፣ አንዴ አላልተህ።"

"እትዬ፣ ሰው እኮ ሙዚቃ ከፍቶ ነው የሚሞክረው።"

"ሙዚቃ ቢያመልጠኝ አይቀየመኝም" አልኩት። ግራ እየገባው ወጣ። በመኪናው ጩኸት መሃል "አልመጣም! አልመጣም!" እያለ ይጮሃል፤ አንድ አላፊ አግዳሚ "ካልመጣህ ቅር፣ ማን ለመነህ!" ሲለው ቁልጭ ብሎ ተሰማኝ። ብቻዬን ሳቅኩ። ባለ ቤዙ ላይ ሁለቱም ተደበላልቀውብኝ ነበር፤ ቀላሉ ላይ ተለዩልኝ። ቀጥሎ እኔ ወጣሁ፣ እሱ አዳመጠ። እሱም ለየው። ቀላሉን ገዛሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ጠዋት ሄድፎኑን አድርጌ ጉዞ። ራዲዮ ከጎኑ የተቀመጠውን ምስኪን ይዞታል፣ እኔ ሙዚቃዬን ይዣለሁ። ጆሮዬን አላመመኝም። መንገዱ መሃል ላይ ስንደርስ ለሚጣ ደወልኩ።

"ደህና ነኝ እማዬ።" ልትዘጋ ስትል ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ አለ።

"እያለቀስሽ ነው?"

"ጉንፋን ነው።"

"ለእኔ? ጉንፋንሽንም ልቅሶሽንም አውቀዋለሁ።"

ሁሉንም ዘረገፈችው። ከሥራ ካስወጧት ቆይቷል፤ 'ሥራ ላይ ነኝ' ያለችኝም ውሸቷን ነው። ያን እሁድ የመጣችው ይሄንኑ ልትነግረኝ ነበር።

"'ብዬሽ ነበር' ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ" አለች።

ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ። ዋጥኩት።

"ቤት ነሽ? እንዳትወጪ" አልኳት።

ራዲዮን "ሥልጠናውን ብቻህን ጀምረው" ስለው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል አጠረው። "ወራጅ አለ!" ብዬ ወረድኩ። ወደ እሷ የሚሄደው አውቶቡስ ሞልቶ ስለነበር ግማሹን መንገድ ቆሜ ሄድኩ።

ይሄን እሷ ክፍል ሆኜ ነው የምጽፈው። በር ላይ አቅፋኝ ብዙ ቆየች። ፊቷን ታጥባ መጣችና "መቼ ነው የምትመለሺው?" አለችኝ።

"እስክታባርሪኝ አለሁ።"

"እኔ መባረር እንጂ ማባረር የት አውቄ!" ብላ ሳቀች። ሳቁ መሃል እንባዋ መጣ። አጠገቤ ቁጭ ብላ ከመጀመሪያው ልትነግረኝ ጀምራለች... መጻፉን ልተወው።