የአባቴ «ደህና እደሪ»

ዳይሬክተሯ፣

ስትመለሺ አታገኚኝም። ዕቃዬን ይዤ አባቴ ጋ ገብቻለሁ፤ ከዚያ እየተመላለስኩ እማራለሁ። ቁልፌ ታች ባለሱቁ ጋ ነው።
ሾርባው የትናንት ነው፣ አሙቀሽ ጠጪ።
የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ስትዘጊ ወደ ላይ ሳብ አድርጊው፣ አለዚያ ሲንጠባጠብ ያድራል።
ትናንት በሩን ወርውሬ ስለዘጋሁት ይቅርታ። እጀታው ላልቷል።

ትናንት የአባቴን ቪዲዮ ሳነሳብሽ «ቀልድ ነው፣ አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር ታካብጃለሽ» አልሽኝ። በየድራማው ዘበኛው ለምን ሁልጊዜ መሳቂያ ይሆናል እያልኩ ስነዘንዝሽ፣ ስለ ድራማ ብቻ የማወራ መስሎሽ ነበር? አባቴ ዘበኛ መሆኑን ታውቂያለሽ።

አንድ ማታ ሊጠይቀኝ መጥቶ እዚህ ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ፣ የቴሌቪዥኗ ዜና አንባቢ «ደህና እደሩ» ስትል «ደህና እደሪ ልጄ» አላት። አንቺ ዳይሬክተሯ በስልክሽ ቀርጸሽ፣ የሳቅ ድምፅ ጨምረሽ ኢንተርኔት ላይ ለቀቅሽው። አሁን የሚጠብቀው ሕንፃ ሠራተኞች ሲወጡ ሲገቡ «ደህና እደሪ ልጄ» ይሉታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል።

ሴትዮዋ እንደማትሰማው ጠፍቶት እንዳይመስልሽ። እማዬ ከሞተች ወዲህ ማታ ማታ ደህና እደር የሚለው ሌላ ሰው ስለሌለ ነው።

ባለፈው እሁድ አብረን ዜና አየን። ሊያልቅ ሲል፣ ሴትዮዋ ሳትሰናበት፣ ሪሞቱን አንስቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋው።  

ቪዲዮውን አጥፊው ብዬ አልለምንሽም።

ይህን ስታነቢ መሽቶ ይሆናል።
ደህና እደሪ።