ከኮፈኑ ሥር ያለው ውሃ

ነሐሴ 2
መኪናችን ዛሬም አልነሳችም። ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ፣ ጠዋት ደግሞ ጉም... እዚህ ቀየት ነሐሴ ሌላ ምን ያውቃል? ባሌ ይታየው ቁልፉን አዞረ። ሞተሯ ትንሽ አጓራችና ዝም አለች። ባሌ ወረደና ጎማውን በእርግጫ መታው። ለካ ያልተነሳችው ጎማዋ ስላልተመታ ነው!

«ባትሪው ነው» አለ። ትናንት ነዳጁ ነበር። ከትናንት ወዲያ ብርዱ።

ፈተናዬ ነሐሴ 12 ነው። ደብረ ብርሃን፣ በጠዋት። የሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ። ዘንድሮ ካመለጠኝ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ዕድሉን ለሌላ መምህር ነው የሚሰጠው። በዋዜማው በአውቶቡስ ልሂድ ስለው «የባለ መኪና ሚስት በአውቶቡስ?» አለኝ። ባለ መኪና! የቆመ ብረት ባለቤት አይልም...

ነሐሴ 4
ሰፈሩ ሁሉ መካኒክ ሆኗል። አንዱ ካንዴላው ነው ይላል፣ ሌላው ቤንዚኑ ውስጥ ውሃ ገብቷል ይላል። አንዱማ ዓይን ነው አለ። ዓይን! እቺን ማን ተመኝቷት? ይታየው ለሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ተሰብስበው እስከ ቁልቁለቱ ገፏት፣ ጭቃ በጭቃ ሆኑ። አልተነሳችም። ከዚያ እዚያው ቆመው ድሮ ስለነዷቸው መኪኖች አወሩ። አብዛኞቹ በሬ እንጂ መኪና ነድተው አያውቁም።

አሮጊቷም አሉበት፣ አማቴ እማማ ጠጄ። ፍልሰታን ከእኛ ጋር ሊጾሙ ከዘመሮ መጥተዋል። ጥግ ይዘው ያያሉ፣ መጽሐፌን ያያሉ፣ ምንም አይሉም። ምን እያሰቡ እንደሆነ መች ይጠፋኛል? ያገባች ሴት ምን ትምህርት አላት...

ነሐሴ 5
ከሰዓት ፀሐይ ወጣች። መኪናዋም በአንድ ቁልፍ ተነሳች።

«አላልኩሽም? ባትሪውን አጥብቄው ነው እኮ!»

ግቢው ውስጥ ክላክስ ሲያደርግ ዋለ። ማታ ሸራ አለበሳት፣ ከሸራው ሥር ደግሞ የበግ ጠጉር ባና። እኔ በብርድ ስንቀጠቀጥ ባና ያላለ ሰው።

ነሐሴ 6
ሌሊቱን ጠብ አላለም። ባናው ደረቅ ነው፣ ነካሁት። አልነሳችም። ታዲያ ዝናቡ አይደለማ?

ነሐሴ 7
ወፍጮ ቤት ደርሼ ስመለስ አወቀ የሚባለው መካኒክ ከመሐል ሜዳ መጥቶ አይቷት ሄዷል።
«ምን አለህ?»
«ያው ባትሪ ነው አለ።»
ሲናገር ግን ጫማውን ያያል። ለምን?

ነሐሴ 10
አየሁ። በዓይኔ አየሁ።

ሊነጋጋ ሲል ወደ ጓሮ ወጣሁ። እናትና ልጅ መኪናዋ ጋ ቆመዋል። ይታየው ሸራውንና ባናውን ገልጦ ኮፈኑን ከፈተ። እሳቸው ከኪዳን መመለሳቸው ነው፣ በእጃቸው ጆግ ይዘዋል።
«ልቧ የቱ ጋ ነበር ያልከኝ?»
«እዚህ ጋ፣ እማዬ።»
በስመ አብ ብለው ጠበሉን አንቆረቆሩት። በደንብ አድርገው! ልጅየው ኮፈኑን ዘጋ፣ ባናውን መለሰ፣ እንደ አራስ ልጅ ሸፋፈናት። ለካ በየማለዳው...

ሲገቡ ሄጄ ከፈትኩት። የካንዴላ ገመዶቹ የሚገናኙበት ክዳን ከላይ ተሰንጥቋል፤ ውስጡ ውሃ ተኝቷል። ይታየውን ጠራሁት።
«ጠበሉ ነው።»
«መካኒኩም ውሃ እየገባበት ነው ብሎኛል።»
«መቼ?»
«የመጣ ዕለት።»
«አውቀህ ነው ዛሬም የከፈትክላቸው?»
«ታዲያ እናቴን ጠበል አታፍሺ ልበላት? ምን ትለኛለች?»
«ፈተናዬስ?»
«ፈተና እንደሆነ ለከርሞም አለ።»

ለከርሞም አለ! ይሄን ሰው ነው አገር ምድሩ ጨዋ የሚለው። እናቱን ከሚያስከፋ እኔ ብቀር ይሻለዋል፤ እሱንም ደፍሮ አይናገረውም። ክፉ ቢሆን እንኳ ወግ ነበረው።

ነሐሴ 11
ጆጋቸውን ይዘው ከኪዳን ሲገቡ ራሴ ነገርኳቸው። ይረግሙኛል ብዬ ነበር።
«እማማ፣ አይቀየሙኝ... ጠበሉ ሞተሯን እያረጠበው ነው።»
ትክ ብለው አዩኝ።
«እሱ ያውቃል?»
«ያውቃል።»
«አውቆ ነው የሚከፍትልኝ?»
ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።
«እኔ ለብረቷ መሰለሽ? መንገድሽ ይቅናልሽ ብዬ ነው እንጂ። ፈተና አለባት ብሎ ራሱ ነው የነገረኝ።» ከዚያ ወደ ውጭ ጮኹ። «አንተ! ና እዚህ! እኔ አውሬ ነኝ? ለእኔ አንድ ቃል መናገር አቅቶህ ልጅቱን ከመንገዷ ልታስቀራት?»
ይታየው መሬት መሬት ያያል። ያ ሁሉ ቁመት...
«ጨርቅ አምጣ!»
ክዳኑን አስፈትተው አስወለወሉት። ከኋላው ቆመው «እዚያ ጋ ቀርቷል... ኧረ እዚያ ጋ!» እያሉ። ስንጥቁን በፕላስተር አሸገ። እሳቸው ጆጉን ይዘው ገቡ።

ነሐሴ 12
ሳይነጋ ወጣን። በአንድ ቁልፍ ተነሳች። እስከ ደብረ ብርሃን አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ተፈተንኩ።

ነሐሴ 29
አልፌያለሁ! ከጥቅምት ጀምሮ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይቼ እማራለሁ። እማማ እንኳን ደስ ያለሽ ሊሉኝ ከዘመሮ ድረስ መጡ። ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ።

ይታየው በር ላይ ለጎረቤቶቹ ያወራል። «ያን ባትሪ ባላጠብቀው ኖሮ በየት በኩል ትደርስ ነበር!» ሰማሁት። ከወር በፊት ቢሆን ደሜ ይፈላ ነበር። ምንም አልተሰማኝም። የማላውቀው ሰው በመንገድ ሲያልፍ የሚያወራ ያህል ነው የሆነብኝ። ይሄ አስፈራኝ።

ማታ ራት ላይ እንዲህ አለ፦
«ቅዳሜ ቅዳሜ በመኪናችን እየመጣሁ እወስድሻለሁ።»
«ተወው፣ አትድከም።»
«ታዲያ ቅዳሜ በምን ልትመጪ ነው?»
«እመጣለሁ መች አልኩህ?»

እማማ ቀና ብለው አዩኝ። እኔም ደነገጥኩ። ከአፌ ካወጣሁት በኋላ ነው እውነት መሆኑ የገባኝ።