ለቀቅነው እንጂ አልጣልነውም

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6፤ ማታ

የዩኒፎርሙ ስፌት ዛሬም አላለቀም። እጅጌ ቀርቷል፣ ቁልፍ ቀርቷል። ወገቤ ተቆርጧል።

ግርማ ከገበያ ሲመለስ ጎራ አለ። ወንድሜ ሻይ እንኳ በወጉ አይጠጣም፤ ዓይኑ የገብሱ ማዳበሪያ ላይ ነው። የአባባን ፈረስ የዳማን ገብስ ተሸክሞ ሄደ። አምና አዝመራውን ውርጭ መታብን፣ ለፈረስ የሚተርፍ የለም ካለኝ ወዲህ፣ ገበያ በመጣ ቁጥር ሰጪዋ እኔ ነኝ። እንዴት ነው አልኩት። ጥርሱ አልቋል ግን ይበላል አለኝ። ጀርባውስ? ድኗል።

ደስ አለኝ። አባባ ሊሞቱ ሲሉ የለመኑት ይህንኑ ነበር፤ ፈረሴ ከደጄ አይራቅ፣ እዚሁ ያርጅ። ግርማ በሚካኤል ምሎላቸዋል። እኔ ሞላሌ ከተማ ተከራይቼ የምኖር ልብስ ሰፊ፣ ፈረስ የት አስራለሁ? የቻልኩት ገብሱን ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ማስታወሻዬ፣ የሰማሁትን ላስፍር።

ወ/ሮ አስካለ፣ የቀያችን ቅቤ ነጋዴ፣ ቀሚስ ሊያሳጥሩ መጡ። ስለካቸው ድንገት፦ "ያ የአባትሽ ዳማ ምነው እንዲያ ተጣለ? ጌታ የሌለው ይመስል!" ክረምት ላይ በጥብቁ የሣር ሜዳ፣ ጓሳ ዳር አይተውታል። ብቻውን። ጀርባው ቆስሎ። ተሳስተው ነው አልኳቸው፤ ቅዳሜ እንኳ ገብስ ልኬለታለሁ። የግራ የፊት እግሩ ነጭ አይደለም ወይ አሉኝ።

ነጭ ነው።

ቀሚሱን አበላሸሁት። ከልክ በላይ አጠረ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10፤ ማታ

ጓሳ ደርሼ መጣሁ። መንገዱ እስከሚያልቅበት በአይሱዙ፣ ከዚያ በእግር። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጠባቂውን አገኘሁት። ነጭ እግር ያለው ዳማ ስለው ወዲያው አወቀው። ነሐሴ ላይ ነው አለኝ። ጅብ በላው። ከዚያ በፊት ሰው ባለፈ ቁጥር ይከተል ነበር አለኝ፤ እስከ ወንዙ ይሸኝና ይመለሳል። ጌታው ማን እንደሆነ አላወቅንም አለ። እኔም አልነገርኩትም። አፈርኩ።

ነሐሴ! መስከረም ገብስ ሰጥቻለሁ። ጥቅምትም። ባለፈው ቅዳሜም።

ከዚያው ወደ ግርማ ቤት ወረድኩ። ሚስቱ ስታየኝ ጓዳ ገባች። ከእነሱ ጋ የምትኖረው እማዬ ምድጃው ዳር ተቀምጣለች። ግርማ እርፍ ይጠርባል። ዳማስ አልኩት። ቀና አላለም።

"አልጣልነውም እታለም። ለቀቅነው እንጂ።"

"ለማን?"

"ለእግዜር።"

ለጅብ ነው ብዬ ጮህኩ። ገብሱስ? የመለሰችልኝ እማዬ ናት።

"በሶ ሆነ። እኔም በላሁ።"

ዓይን ዓይኔን እያየች ነው ያለችው። ውሃ እንኳ ሳልቀምስ ወጣሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፤ ሚካኤል

ኅዳር ይታጠናል። ከተማው ጥራጊውን ደጅ አውጥቶ ያቃጥላል፤ ጭሱ አልጋዬ ድረስ ገብቷል። ቤ/ክ አልሄድኩም። ግርማ የማለው በዚሁ ታቦት ነው፤ ምን ብዬ ልሳለም?

ቁርጥራጭ ጨርቄን ጠርጌ አወጣሁ። ያ ቃል ከጆሮዬ አልወጣም። ለቀቅነው። ሰው ትቶት የሄደው ቤት ወና ይባላል። የማይታረስ መሬት፣ ጠፍ። ከእህሉ የተለየው ግርድ፣ ከሌላ ገላ የወረደው ልብስ ውራጅ። እኔም ስም አለኝ፤ ባሌ ከሄደ ወዲህ ፈት ነኝ፣ እንደ በግ ከገመድ የተፈታሁ። ያማል። ግን ሰሚው ምን እንደደረሰብኝ ያውቃል። ዳማ ግን ተለቀቀ። እንደ እስረኛ! የሰማ ሁሉ እሰይ ሊል ነው እኮ።

ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስኩ። በግርማ አይደለም፤ ግርማ ድሮም ለራሱ ነው። በእማዬ ነው። እሑድ እሑድ ስደውልላት፣ ዳማስ ስላት፣ ደህና ነው ትለኝ የነበረችው በማን አንደበት ነው?

ስልኬ ይጠራል። ግርማ ነው። አላነሳም።

እሑድ፣ ኅዳር 14፤ ከቀኑ 10 ሰዓት

ነገ የነቢያት ጾም ይገባል። ሥጋ ገዝቼ ስመለስ እማዬ ደጄ ላይ ተቀምጣለች። ጓዟ አጠገቧ። አንድ ጥቅል። ግርማ ቆሟል። ይቅርታ ሊል መስሎኝ!

ገዳም ልትገባ ነው አለ። አርጅታለች፣ ትረፍ ብለን ነው። መኪናው ነገ ጠዋት ስለሚነሳ ለዛሬ አንቺ ጋ ትደር። አረፍ በል አልኩት። ይመሽብኛል አለና ሄደ። እማዬን ተሰናበታት እንኳ? አላስታውስም። አልመሰለኝም።

አስገባኋት። መመንኮስ ትፈልጊያለሽ ወይ አልኳት።

"ማን ጠየቀኝ?"

"የፈረሱን ነገር ለምን ደበቅሽኝ?"

የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለች፣ ፈታች። ደግሞ ጠቀለለች።

"ባወራ የመለቀቅ ተራው የእኔ ነበር። ዝም ብዬስ መች ቀረልኝ፣ ልጄ።"

ልቤ ራራ። ወዲያው ደግሞ ጠጠረ። ቁጭ ብላ በሶውን ስትበጠብጥ ታየችኝ። እናቴ ናት። አታለለችኝ። ፈርታ ነው። የቱን ላስቀድም?

ያው እሑድ፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ለግርማ ደወልኩ። አጭር ነገር። እማዬ ገዳም አትሄድም፣ እኔ ጋ ናት፣ አንተም ሌላ ቅዳሜ ደጄን እንዳትረግጥ። እታለም ብሎ ሲጀምር ዘጋሁት።

የስፌት መኪናዬን ወደ በሩ ገፋሁ። መተላለፊያ ጠበበ፤ ግን አንድ ሰው ይተኛበታል። ወጥ ሠራሁ። በላች። እኔም በላሁ። ይቅርታ አልጠየቀችኝም። ይቅርም አላልኳት።

ነገ ፍራሽ እገዛለሁ።