ሳጥኑ በማን ስም ይከፈት

ሰኞ፣ ሐምሌ 6፣ ጠዋት

ጫማ በር ላይ። ከኮምፒውተሮቹ ላይ ላስቲኩን ገለጥኩ፣ አቧራ ጠረግሁ፣ ኃይል ማስተካከያውን ስታቢላይዘር አበራሁ። ሌሊቱን ሲያወርደው አድሯል፤ ግድግዳው ረጥቧል። ማሽኖቹ ግን ደህና ናቸው። ተመስገን።

ዛሬ የሳምንቱ ምክር የሚወጣበት ቀን ነው፣ ማስታወሻዬ። ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት፦ ዲስኬት ከሬዲዮና ከቴፕ አጠገብ አታስቀምጡ፣ ማግኔቱ የጻፋችሁትን ይበላዋል። ከሥሩ የዕቃ ዜና። ወንድሜ ከአ.አ. እንደጻፈልኝ ገመድ የሌለው የኪስ ስልክ ሊመጣ ነው። ሲዲ የሚባል ዝርግ ነገርም አለ፤ አንድ ሳጥን ሙሉ ዲስኬት የያዘውን ብቻውን ይይዛል። ሰው ተሰብስቦ ያነባል፣ ይስቃል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አለ አንዱ። ይሳቅ! ባለፈው ሳምንት የሳቀው ሰውዬ ዛሬ ዲስኬቱን በፌስታል ጠቅልሎ ሲመጣ አይቼዋለሁ።

የቢሮ ኃላፊው ገቡ። እሳቸውም ጫማ አወለቁ። ካልሲያቸው ተቀዷል፣ አውራ ጣታቸው ወጥታለች። እንዳላየ ሆንኩ። የጫማውን ደንብ ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ ከማሽኖቹ ጋር አብሮ የመጣ ነው። ክልሉ አዲስ፣ የአሶሳ ቢሯችን አዲስ፣ ኮምፒውተሩ አዲስ። ሁላችንም አራስ ቤት እንደገባ ሰው በቀስታ ነው የምንረግጠው።

የዚያው ቀን፣ 4 ሰዓት

ጽሑፌ ተበላሽቷል። ከንዴት ነው።

ጋሽ ሃሩን መጥተው ካማሺ ይፈልግሻል አሉኝ። የሬዲዮ መገናኛ ሠራተኛችን ናቸው፣ የመንጌ ሰው፣ ቀልደኛ። ዛሬ ግን አልቀለዱም። ሬዲዮው አንድ መስመር ነው፤ ካማሺ ሲናገር ፓዌም መንጌም ባምባሲም ይሰማል። እዚያ ላይ ምስጢር የለም።

ተሾመ ነው፣ የካማሺ ቅርንጫፋችን ጸሐፊ። የጉሙዝ ልጅ። በጥር አሠልጥኜዋለሁ፤ ዝምተኛ፣ ጠንቃቃ፣ ሴቭ ማድረግ አንድ ቀን እንኳ ያልረሳ። አማርኛው ሲደነግጥ ይሰባበርበታል። መጀመሪያ ያለኝ ይኼ ነው፦ «እህቴ ጽጌ፣ ኮምፒውተር ሞተች። እኔ አልገደለም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓርብ የካማሺ ቢሮ ጣሪያ አፈሰሰ፣ ልክ ኮምፒውተሩ ላይ። አለቃው የሉም። ተሾመ ሳጥኑን በሸራ ጠቅልሎ፣ በትከሻው ተሸክሞ፣ በጭቃው እየተንሸራተተ ወደ ሌላ ክፍል ወሰደው። አንዴም ወድቋል፤ ሳጥኑን አቅፎ በጉልበቱ ነው የወደቀው። ሲያበራው ስክሪኑ ጨለማ። አሁን ኮሚቴ ተቋቁሞበታል። ያለፈቃድ ንብረት አንቀሳቅሶ አቃጠለ ብለው። በስሙ ፈርሞ የተረከበው እሱ ነው። በዚህ ዓርብ ይወስናሉ፤ ማሽኑ እስከዚያ ካልሠራ ከሥራ ይባረራል። ሚስቱ ደግሞ ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር ናት።

ለምን ዝም ብሎ እንዲበሰብስ አልተወውም? ያኔ ማንም አይጠይቀውም ነበር! ላዳነ ሰው ኮሚቴ፣ ቁጭ ብሎ ላየ ሰው ሰላም። አይ አገሬ።

አይባረርም። እዚህ ጻፍኩት።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 7

መኪና ጠየቅሁ። የለም። ቢኖርም በነቀምት ዞሮ ነው፣ መጨረሻው ላይ መንገዱ ጭቃ ውጦታል። ከመስከረም በኋላ መኪና እንመድባለን አሉኝ ኃላፊው። ላም አለኝ በሰማይ! ኮሚቴው መስከረምን አይጠብቅም።

እንግዲህ በሬዲዮ ይሁን። ሐኪም በሬዲዮ መድኃኒት ያዛል፤ እኔስ?

3 ሰዓት ላይ ተቀመጥኩ። ጋሽ ሃሩን ማይኩን ሰጡኝ፤ ተናግረሽ ስታበቂ ጨርሻለሁ ማለት ካልረሳሽ ደግ ነሽ አሉ፣ አልፎ አልፎ እረሳለሁ። ተሾመ ጄኔሬተር አስነሳ። ጠየቅሁት። መብራቷ በራ? በራ። ፋኑ ይዞራል? ይዞራል። የሞኒተሩ ገመድ ጠበቅ ብሏል? ጠበቅ ብሏል። ደስ አለኝ፤ አልተቃጠለም ማለት ነው። ድምፅ አለው? አለው አለኝ፣ እንደ ወፍ ይጮኻል። ማይኩን ሳጥኑ አጠገብ አድርግ አልኩት።

መጣ። በሬዲዮው ሹርታ መሃል፣ ረጅም ጩኸት፣ ዝም፣ ረጅም ጩኸት፣ ዝም። አላቋረጠም።

አቤት ደስታዬ! ከወንበሬ ተነሳሁ። አውቀዋለሁ፤ ሜሞሪው ከቦታው ለቋል። ተነቃንቆ ነው እንጂ ምንም አልሆነም። ነቅሎ፣ እግሩን በላጲስ ጠርጎ፣ ጠበቅ አድርጎ መመለስ ብቻ። የሻይ ማፍያ ጊዜ የማይፈጅ ሥራ ነው። ፓዌዎች ሳይጠየቁ እልል አሉ።

ተሾመ ግን ማኅተሙስ አለኝ።

ማኅተሙ! እሱን ረስቼው። ማሽኖቹ እንደመጡ የንብረት ክፍል ኃላፊው አቶ መኮንን በየሳጥኑ ጀርባ ወረቀት ለጥፈው ማኅተም መቱበት። ያለ እሳቸው ፈቃድ የቀደደ ይባረራል፤ ከውስጡ ዕቃ ጎደለም አልጎደለም። ስለዚህ ተሾመ ካልከፈተው ይባረራል። ከከፈተውም ይባረራል።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 8

አቶ መኮንን ክፉ ሰው አይደሉም። ይህን ልጽፍ ይገባል፣ ምንም ብናደድ። በአሮጌው ጊዜ መጋዘን ሲዘረፍ ያዩ ናቸው፣ ከዚያ ወዲህ የሚያምኑት ማኅተምን ብቻ ነው። ፈቃድ ስጡኝ አልኳቸው። እኔ በቦታው ሳልኖር አይከፈትም አሉ። ካማሺ ይሂዱ አልኳቸው። መንገድ የለም አሉ። ታዲያ? ደንብ ነው። ተከራከርኩ፣ ድምፄ ከፍ አለ፣ አንቺ ገና ትናንት የመጣሽ አሉኝ። ልጅ ቢሆኑ ኖሮ ምላሳቸውን...

ወደ ቢሮ ኃላፊው ሄድኩ። ፊታቸውን አሹ። እስቲ ይታያል አሉ። እሳቸው ዝም አይነቅዝም ባይ ናቸው። አይሆንም አላሉም፣ ይሁንም አላሉም።

እሺ። ክርክሩን ትቼ ሥራዬን ሠራሁ። የራሴን ማሽን ለማጽዳት ብዬ አስፈቀድኩ፤ አቶ መኮንን አጠገቤ ቆመው አስከፈቱኝ። ውስጡን ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ዳሰስኩት። ያለ እንግሊዝኛ እንዴት ይነገራል? ሜሞሪ ብለው ምን ያውቀዋል? እንዲህ አልኩ፦ አረንጓዴ፣ ቀጭን፣ ማበጠሪያ የሚያህል፤ ግራና ቀኝ በትንንሽ ብረት መንጠቆ የተያዘ። ጋሽ ሃሩንን ዓይን አስጨፍኜ ሞከርኳቸው። መጀመሪያ ሌላ ነገር ሊነቅሉብኝ ነበር። ወላሂ አንቺ ልጅ ጨርሰሽኛል አሉ። ቃሉን አስተካከልኩ። ደግመው ዳሰሱ። አገኙት። አቶ መኮንን ይመለከቱናል። ስንጨርስ አዲስ ወረቀት ለጠፉ፣ ማኅተም መቱ፣ ወጡ።

እኔ ግን ወስኛለሁ። ፈርቻለሁ፣ እውነቱን ለመናገር። ከናዝሬት እዚህ ድረስ የመጣሁት ለዚህ እንጀራ ነው፤ እናቴም ከእሱ ትበላለች።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 9፣ ማታ

አደረግሁት።

3 ሰዓት ላይ ሁሉም ጣቢያ አየር ላይ ነው። ወሬው ተሰምቷል። ተሾመን ጠራሁት። ካቻቢቴ አለህ? አለኝ። ላጲስ? ከትምህርት ቤት ተውሷል። ገመዱን ከግድግዳ ንቀል፣ ጄኔሬተሩ ይጥፋ። ነቀለ። ማኅተሙን ቅደድ አልኩት።

እኔ ፈርሜ ነው የተረከብኩት አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። ከዚያ ቀስ ብዬ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ ተናገርኩ፦ «እኔ ጽጌ ነኝ የማዝዘው። በእኔ ስም ቅደድ። የሰማ ሁሉ ምስክር ይሁን።»

ጋሽ ሃሩን ጭንቅላታቸውን ያዙ። ፓዌ አየር ላይ ገባች፤ ወይንሸት ናት፣ የፓዌዋ ጸሐፊ፤ ሰምተናል አለች። መንጌ ሰምተናል። ባምባሲ ሰምተናል። እንባዬ መጣ፣ ዋጥኩት።

ቀደደ። ብሎኑን ፈታ። መጀመሪያ ብረቱን ንካ፣ ጣትህ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ይውጣ አልኩት። ነካ። አረንጓዴዋን ማበጠሪያ ፈልግ። ብዙ ቆየ። አገኘሁ። መንጠቆዎቹን ወደ ውጭ ግፋ። በላጲስ እግሯን ጥረግ፣ እፍ አትበል፣ ምራቅ ይገባል። መልስ፣ ቀጭ እስክትል ተጫን። ጄኔሬተሩን አስነሳ፣ እሺ፣ አሁን አብ...

ነጎድጓድ። ሹርርር ብቻ። ጋሽ ሃሩን አንቴናው እንዳይመታ ሬዲዮውን ነቀሉት።

ይብራ አይብራ አላውቅም። እስከ ማታ ደመናው አልተነሳም።

አቶ መኮንን በጽሑፍ አስረጂ ብለውኛል። አስረዳሁ፦ አዎ፣ እኔ ነኝ ያስቀደድኩት። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ዓርብ፣ ሐምሌ 10

ጠዋት ካማሺ የለም። ጋሽ ሃሩን እየደጋገሙ ይጠራሉ። ካማሺ፣ ካማሺ። ምንም። ቁርስ አልወረደልኝም። ባይሠራ አስቤዋለሁ፤ ማኅተም የቀደደ፣ ያለፈቃድ ያንቀሳቀሰ፣ ማሽን የገደለ፤ ለልጁ ሦስት ጥፋት ይሆንበታል። በራሴ እልህ ሰው ገደል ከተትኩ? ሰው ማስታወቂያ ሰሌዳው ጋ ቆሞ ምክር ያነባል። ምክር! ለራሷ ያልተመከረች።

9 ሰዓት

መጣ! ካማሺ መጣ!

ሠርቷል። ትናንትና፣ ነጎድጓዱ እያለ፣ ብቻውን አብርቶታል። ዛሬ ጠዋት ሬዲዮ ላይ ያልተገኘው ኮሚቴው ስለተሰበሰበ ነው፤ ቃለ ጉባኤውን የሚተይብ ሌላ ሰው ስለሌለም ራሱ ተሾመ ነው የተየበው። በራሱ ጉዳይ! በዚያው ማሽን! በሥራው እንዲቀጥል ተወስኗል የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሲደርስ ጣቴ ሳተ፣ ደጋግሜ አረምኩ አለኝ። እየሳቀ ነው። የሱን ሳቅ ከዚህ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ጋሽ ሃሩን አልሐምዱሊላህ እያሉ ጠረጴዛውን ይደበድባሉ። እኔ አለቀስኩ። በግልጽ፣ በሰው ፊት፣ ምን ታመጣላችሁ።

ኮሚቴው የማኅተሙን ነገር ለአሶሳ ትቶታል። ማለት ጣጣው ለእኔ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 13

ደብዳቤዬ ጠረጴዛዬ ላይ ጠበቀኝ። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ። ከእንግዲህ ማኅተም ያስቀደደች እንደሆነ ያለ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ ከሥራ ትሰናበታለች። ኃላፊው ፈርመዋል። እንግዲህ ዝምታቸው ዛሬ ነቀዘ። ግልባጭ ለየቅርንጫፉ በሬዲዮ ይነገር ተብሏል፤ ጋሽ ሃሩን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡት፣ ዓይኔን አላዩም።

አንብበው ሳይጨርሱ ፓዌ ገባች። ወይንሸት። ማሽኗ ከእሑድ ጀምሮ እንደ ካማሺው እየጮኸ ነው፤ የመንገዱ መንገጫገጭ ነው መሰለኝ፣ ሁሉም በአንድ መኪና ነው የተጫኑት። የእሷም አለቃ ኮሚቴ እያለ ነው። ምን ላድርግ አለችኝ። ማስጠንቀቂያውን ሰምታለች። ስለዚህ ክፈቺልኝ አላለችም፣ ምን ላድርግ ብቻ።

ማይኩ እጄ ላይ ነው። በእኔ ስም ብል ነገ እዚህ የለሁም። ከሄድኩ ደግሞ የሚቀጥለውን ማን በሬዲዮ ይከፍተዋል? የፈራሁት ግን ለሌላው ብዬ አይደለም፤ ፈራሁ በቃ። አየሩ ሹርር ይላል፣ ሁሉም ጣቢያ እያዳመጠ ነው።

ካማሺ ገባ። ሳይጠራ። ሙሉ ስሙን ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ተናገረ፣ እንደሚፈርም ሰው ቀስ ብሎ። ከዚያ፦ «ፓዌ፣ በእኔ ስም ክፈት።»

ያ ፈርሜአለሁ ብሎ ያመነታ ልጅ! አቤት አንተ ሰው። አይሆንም፣ ገና አራስ ቤት የሚገባ ሰው ነህ ልለው አፌን ከፈትኩ። ቀጥሎ መንጌ ገባ፣ በእኛም ስም አለ። ባምባሲም። ጋሽ ሃሩን ማይኩን ከእጄ ወስደው፣ አሶሳ ሃሩን ብለው ራሳቸውን ጨመሩ፣ መለሱልኝ። ቀና ስል አቶ መኮንን በሩ ላይ ናቸው። መቼ እንደመጡ አላየሁም። ሁሉንም ሰምተዋል። ማይኩን አልነጠቁኝም፣ አልሄዱምም።

ይባርሩን፣ ሁላችንንም ከሆነ። ወይንሸት፣ ስማችንን በተራ ጻፊ፣ የእኔን መጀመሪያ አልኳት። ጻፈች። አሁን ገመዱን ከግድግዳ ንቀይ አልኳት።