በቤኒ ተራ የተጫወትኩት እኔ ነኝ

ለታላቅ ወንድሜ ለታምራት፤ ደርባን፣ ደቡብ አፍሪካ።

ወንድም ዓለሜ፣ እንዴት ከረምክ? ጤናህስ? ዕቃ ሳወርድ ያመኛል ያልከው ጀርባህ ለቀቀህ ወይስ እንደ ልማድህ ችለህ ዝም ብለሃል? ሱቁስ፣ ሠፈሩስ ሰላም ነው? አብረውህ ያሉት የቦዲቲ ልጆች ደህና ናቸው? ሰላምታዬ ከዳሞታ ተራራ ሥር ተነሥቶ አንተ ያለህበት ባሕር ዳር ድረስ ይድረስህ። ከዚህ ቀጥሎ እኛ ደህና ነን ተብሎ ነው የሚጻፈው። ሦስት ጊዜ ጻፍኩት፣ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። ወረቀት አባከንኩ እንጂ ምንም አልሆነልኝም።

ይህን ደብዳቤ የሚሰጥህ ከዚያው ከደርባን ለእረፍት መጥቶ የነበረው ጋሽ ኤርካሎ ነው። ብቻውን እንዳይመጣ፣ እዚያ ያሉትን የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይዞ በማለዳ በርህን እንዲያንኳኳ ተነግሮታል። በዚያ ሰዓት ያን ሁሉ ሰው ስታይ ነገሩ ገብቶሃል፣ ሞኝ አይደለህም። ማን እንደሆነ ግን እኔ ልንገረው ብዬ ለምኛቸዋለሁ። ቤኒ ነው። ታናሻችን ቤኒ ጥቅምት አሥራ አራት፣ ሐሙስ ጠዋት አረፈ። እማዬ ደህና ናት፣ እህታችን ሜላትም ደህና ናት፣ ሌላ የደበቅንህ ሰው የለም። አሁን ተቀመጥ፣ ውሃ ጠጣ፣ ከዚያ ቀጥል።

ወባ ነው። ለጊፋታ በዓል ከሥራው ቦታ ከቤሌ መጥቶ፣ ሥጋውን በዳጣ በልቶ፣ ከሜላት ጋር ተጨቃጭቆ፣ ደህና ሆኖ ነበር የተመለሰው። ሊሞት አራት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ፣ ከቤሌ ደውሎ ራሴን አመመኝ አለ። ጉንፋን ነው አለ። ማክሰኞ በአውቶቡስ ሶዶ ሲደርስ ዓይኖቹ ቢጫ ሆነው ነበር፣ በሌላ ስምም ጠራኝ። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አድርገዋል፤ ማንንም አትውቀስ፣ እኔ ወቅሼ ጨርሻለሁ። ዓርብ ቀበርነው። ቀብሩ ላይ ሰው ብዙ ነበር። ዝናብ አልነበረም። ሌላ የማስታውሰው ነገር የለም።

ለምን እስከ ዛሬ አልነገራችሁኝም እንደምትል አውቃለሁ። አጎታችን ጋሽ ደገፉ መርዶ በስልክ አይነገርም አሉ። አባባ ያረፈ ጊዜ አረካ ትምህርት ቤትህ ድረስ ሦስት ሽማግሌ ሄደው ነው ያመጡህ፤ ያን አስታውሰው፣ ልጁ ሰው አገር ብቻውን በሩን ዘግቶ እንዲጮህ ነው የምትፈልጉት ብለው ተቆጡ። ማንም ፌስቡክ ላይ ፎቶውን እንዳይለጥፍ ቤት ለቤት ዞረው አስጠነቀቁ። ጋሽ ኤርካሎ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመለሳል ተብሎ ነበር፣ የጉዞ ወረቀቱ አላልቅ ብሎ ሦስት ወር ሆነ። አንተ ስትደውል እማዬ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ሁሉም ደህና ነው ልጄ ትልሃለች። ከዘጋች በኋላ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ፊቱን ገልብጣ ታስቀምጠዋለች። የቤኒን ድምፅ መስማት ስትፈልግ የቤሌ ኔትወርክ ለድምፅ አይበቃም እንል ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ በእኛ ቤት ግን ሦስት ወር አልነጋም።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገርህ። ይህኛውን ጋሽ ደገፉም አያውቁም።

የቤኒ ስልክ በእኔ እጅ ነበር፤ ቤሌ ላሉት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች የደወልኩት በእሱ ነው። ዓርብ ማታ ከቀብር ተመልሰን ሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ መልእክትህ ገባ። የምዕራቡን ሣር አቃጥያለሁ፣ ነፋሱ ወደ አንተ ነው፣ ተራህ ነው ይላል። ጓዳ ገብቼ የቤኒን የጨዋታ ካርቶን ከአልጋው ሥር አወጣሁ። ታውቀዋለህ፤ ከከድር ሱቅ የለመናችሁት የብስኩት ካርቶን፣ ቤቶቹ በማስመሪያ የተሰመሩበት፣ እሳቱ ቀይ፣ ውሃው ሰማያዊ፣ ረግረጉ አረንጓዴ። ያንተ ጭፍራ የበቆሎ ፍሬ፣ የእሱ ጭፍራ ቦሎቄ። ደርባን ውስጥም አንድ ዓይነት ካርቶን አለህ፤ ዓርብ ዓርብ ተራችሁን በመልእክት እየተላላካችሁ ትጫወቱ ነበር። የበቆሎህን እሳት ባልክበት ቤት ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ መልስ ጻፍኩልህ። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። እግር ሲደነዝዝ ስትቆነጥጠው የሌላ ሰው እግር ይመስልሃል አይደል፤ የጻፈችው እጅ እንደዚያ ነበረች።

ሕጉን አላውቀውም ነበር። ካርቶኑ ውስጥ ካገኘሁት የቤኒ ደብተር ነው የተማርኩት። እሳት በደረቅ ሣር ላይ በየተራው አንድ ቤት ወደ ነፋሱ ይሄዳል። ውሃ በእሳት ላይ ከፈሰሰ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ውስጥ ያለ ጭፍራ ለሁለት ተራ አይታይም፣ ቀስትም አያገኘውም። ውሃ ባዶ አፈር ላይ ከፈሰሰ ጭቃ ነው፣ ጭቃ ውስጥ የገባ በግማሽ ይራመዳል። ጭቃ ላይ እሳት ከመጣ ይደርቅና ጡብ ይሆናል፣ ያኔ መንገድ ነው። መብረቅ ውሃ ከነካ የተያያዘውን ውሃ ሁሉ ይመታል። የሳይንስ መምህር ነኝና ጭቃ በአንድ ተራ ጡብ አይሆንም ብዬ ዳር ላይ በእርሳስ ልጽፍ ነበር። ቤኒ ቀድሞኛል፤ ብሩክታይት ይህን ካየች ታርመዋለች፣ አትስማት ብሎ ጽፏል። እኔን ነው እኮ!

ስለ ረግረግ የጻፈውን ደጋግሜ አነበብኩ። ረግረግ የገባውን ሁለት ተራ ያዘገያል ይላል። ሌላ ምንም አይልም። እዚያው ረግረግ ዳር እየሠራ፣ ስለ ትንኝ አንዲት መስመር አልጻፈም።

መጀመሪያ አበላሸሁ። እሳትህን ላጥፋ ብዬ በራሴ ኮረብታ ላይ ውሃ ለቀቅኩ፣ ውሃው ሣሩን አልፎ አፈሩ ላይ ወረደ፣ ቦሎቄዎቼ በሙሉ ጭቃ ውስጥ ቀሩ። ምን ነካህ ቤኒ፣ እንደ ብሩክታይት መጫወት ጀመርክ እንዴ ብለህ ጻፍክ። ሜላት አጠገቤ ነበረች፤ ምን እንዳሳቀኝ ጠየቀችኝ። ስቄ ነበር መሰለኝ።

አንድ ነገር ግን እወቅልኝ፣ በዕጣው አላጭበረበርኩም። እማዬ ዳይስ የቁማር ዕቃ ነው፣ ቤቴ አይገባም ስላለች፣ ዕጣ ግን ሐዋርያትም ጥለዋል ብላችሁ አፏን ስላስያዛችኋት፣ ያ ቁጥር የተጻፈባቸው ስድስት ጥቅል ወረቀቶች ያሉበት የወተት ቆርቆሮ እስካሁን አለ። በየዓርቡ ዓይኔን ጨፍኜ አወጣሁ፣ የወጣውን ቁጥር ጻፍኩልህ። በሙት ወንድሜ ስም እየዋሸሁ አንድን ስድስት ማለት ነውር መሰለኝ። ሰው ጉድ ነው።

በሰባተኛው ዓርብ እሳትህ እየመጣ ዝም አልኩ። ዝም ብዬ ጭቃዬ ላይ እስኪደርስ ጠበቅኩት። ጭቃው ጡብ ሆነ፣ ቦሎቄዎቼ በላዩ ወጡ፣ የቀረውን ውሃ ከኋላ በሚነደው ሣር ላይ ለቀቅኩና በእንፋሎቱ ውስጥ አሳልፌ ከበቆሎህ ጀርባ አሰለፍኳቸው። እንዲህ ብለህ መለስክ፤ አሁን ገና ቤኒ መጣ! ከመጣህስ እንዲህ ነው! ያን አንብቤ ወጥ ልሠራ ሄድኩ። ሽንኩርቱን ከትፌ ጨረስኩ። አላለቀስኩም። በቀብሩም አላለቀስኩም፣ ሰው ይታዘበኛል፤ ጠንካራ ናት የሚልም አለ፣ ልብ የላትም የሚልም አለ። እኔም አላውቅም።

በአሥረኛው ዓርብ ከተራህ ሥር ሌላ ነገር ጻፍክ። ሴት ልጅ እንደተወለደችልህ፣ እናቷ የዚያው አገር ሰው እንደሆነች፣ ለእማዬ እንዳይነገር፣ ራስህ ይዘሃት መጥተህ እንደምታሳያት። ከዚያም ስሟን አንተ አውጣላት አልከው። እሱን። ማታ ቤት ገብቼ ካርቶኑን አጣጥፌ አልጋው ሥር መለስኩት። ጨዋታ ጨዋታ ነው፣ ቦሎቄ ቢያሸንፍ ቢሸነፍ ቦሎቄ ነው፤ ሕፃን ልጅ ግን የሞተ ሰው ያላወጣላትን ስም ዕድሜዋን ሙሉ ልትሸከም ነው። ስለ ስሙ ግን አስብበታለሁ ብቻ አልኩህ። ባለፈው ዓርብ ደግሞ ስሙስ ብለህ ጠየቅክ። በማግስቱ ጋሽ ኤርካሎ ቤት ሄጄ የጉዞ ወረቀቱ ማለቁን ስሰማ፣ ደብዳቤውን እኔ እጽፋለሁ አልኩ።

ምስጢርህን አወጣሁ፣ ይቅር በለኝ። እማዬ እህል እየተወች ነበር። ቅዳሜ ከጓሮ ቦዬ ቆፍሬ ቀቅዬ አቀረብኩላት፣ አየችውና ገፋችው። ያኔ ነገርኳት። ሰው አገር ወለደ ብላ ትቆጣለች፣ ሳይጋባ ብላ ቤተ ክርስቲያኑን ታነሣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ክብደቷ ስንት ነው አለች። አላውቅም አልኳት። ግንባሯስ የማን ነው አለች። ይህንንም አላውቅም አልኳት። ታዲያ ምን ታውቂያለሽ ብላ ቦዬውን ወደ ራሷ ሳበችው። ሁለት በላች። ስሟን አባቷ ያውጣላት፣ የሐዘን ስም ግን አይሁን ብላሃለች።

ጨዋታው አላለቀም፤ የቤኒ ተራ ላይ ቆሟል። ከእንግዲህ ዓርብ ዓርብ ከዚያ ቁጥር መልስ አይመጣልህም። ልትሰድበኝ ብትፈልግ በእኔ ስልክ ስደበኝ፤ አልዘጋብህም።

እማዬ ልጄን አንገቱን አቅፌ ስሜዋለሁ በይልኝ ብላለች፤ ለልጅቷም ለእናቷም ሰላምታዋን ልካለች፣ ፎቶ ትፈልጋለች። ሜላት ሰላም ትልሃለች፤ ስላንተ ጸልያ ነው የምትተኛው፣ እንዳልነገርኩህ ሁን። ጋሽ ደገፉ ያዘገየነው ለአንተ ብለን ነው፣ አትቀየመን ብለዋል። ከድር ሱቁን ሦስት ቀን ዘግቶ ከእኛ ጋር ተቀምጧል፤ አይዞህ በሉት ብሏል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ለመጨረሻ ያቆየሁት ከብዶኝ ነው። ልጅ መውለድህን የነገርከው ቀን፣ ከቤኒ ስልክ አጎት ሆንኩ፣ አጎት ሆንኩ ተብሎ አራት ጊዜ ተጽፎልህ ነበር። ያን መልእክት አስቀምጠኸው ይሆናል። ቤኒ አጎት መሆኑን ሳያውቅ ነው የሄደው፣ ታምራት። ያን የጻፍኩት፣ የመምህራን ክፍል ውስጥ ብቻዬን ቆሜ በደስታ የጮህኩት እኔ ነኝ። ስሙ ውሸት ነበር፣ ደስታው ግን ውሸት አልነበረም።

እህትህ ብሩክታይት
ወላይታ ሶዶ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.