የተዘጋው ብየዳ ቤት ግብር

ቡራዩ፣ ሐምሌ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፣

የሱሉልታ ብርድ እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎስ ተሻለው? አክስቴ ቦሰና የላከችልኝ ቅቤ ደርሶኛል፤ ይሳሙልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ኢንተርኔቱ እንደተቋረጠ ስለሆነ ይህን ነገ ወደ እናንተ በምትወጣው በሀዋ እጅ ልኬዋለሁ።

አባዬ፣ የደበቅኩዎት ነገር አለ። ወንድሜን እስራኤልን በ2008 ኅዳር፣ በማስተር ፕላኑ ሰልፍ ሰሞን፣ ከብየዳ ቤቱ በር ላይ ከወሰዱት በኋላ ንግድ ፈቃዱን የመለስኩት እኔ ነኝ። ቀደም ሲል ውክልና ሰጥቶኝ ነበር። ዕዳ እንዳይቆለልበት ብዬ ነው፤ ልነግርዎት ግን አልደፈርኩም።

በ2009 ሐምሌ የቡራዩ ነጋዴ የግብር ግምቱ በዛብን ብሎ ሱቁን ሲዘጋ፣ እርስዎ ብቻ ዣንጥላዎን ይዘው ሄደው የእስራኤልን ግብር ከፈሉ። ኦቦ የህያ፣ “እኛ የተከፈተውን ዘጋን፣ አንቱ ለተዘጋው ይከፍላሉ” ብለው ሲስቁ፣ “ልጄ ሲመጣ ዕዳ አይጠብቀውም” አሏቸው። ያን ቀን ጓዳ ገብቼ ያለቀስኩት ለዚህ ነው።

ፈቃዱ ተመልሶ ስለነበር ያ ገንዘብ መከፈል አልነበረበትም። ሕጉ ያለአግባብ የተከፈለ ግብር ይመለሳል ይላል፤ ከተከፈለ በሦስት ዓመት ውስጥ ካልተጠየቀ ግን ይቀራል። ሦስት ዓመቱ ዛሬ ይሞላል። ስለዚህ ትተውልኝ የሄዱትን ደረሰኝ ይዤ ትናንት ግብር ቢሮ ሄድኩ።

ሠራተኛዋ ማስኳን ዝቅ አድርጋ፣ “እህቴ፣ ግብር ከፋዩ ራሱ ይምጣ” አለችኝ። መምጣት አይችልም አልኳት። “ሞቶ ከሆነ የወራሽነት ማስረጃ አምጪ። በሕይወት ካለ በውክልናው ፈርሚ።” ክፋት የላትም፤ ሥራዋ ነው።

የወራሽነት ማስረጃ ማውጣት አያቅተኝም፤ ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ የምውለው ለእሱ ነው። ግን የወሰዱትን ልጅ የት እንዳደረሱት ሳይነግሩን፣ እኔ ሞቷል ብዬ ጽፌ ፋይላቸውን አልዘጋላቸውም። ያንን እነሱ ይጻፉት፣ እነሱ ይፈርሙበት። “በሕይወት አለ” ብዬ ፈረምኩ። ማመልከቻዬን ተቀብላ የትናንትናውን ቀን ማኅተም መታችበት።

ከዚያ ወደ ብየዳ ቤቱ ሄድኩ። ማንም እንዳይሰብረው ያሉት በር አልተሰበረም። እስራኤል በእጁ የሠራው፣ ከአንገቱ የማያወልቀው ያ አንድ ቁልፍ፣ ያለ ችግር ዞረ። ውስጡ እንዳለ ነው። የብየዳ መነጽሩ አቧራ ለብሷል። ለእርስዎ የጀመረው ወንበር ሦስት እግር ይዞ ግድግዳ ተደግፏል። አራተኛውን አስበይድልዎታለሁ።

አብሮት የታሰረው ሰልማን ከተፈታ ጀምሮ ሲሸሸን ከርሞ ባለፈው ሳምንት እኔ ጋ መጥቶ ነበር፤ ቁልፉን ያመጣልኝ እሱ ነው። ቡና እንኳን አልጠጣም። እርስዎንም ማየት ይፈልጋል። እሁድ ይዤው እመጣለሁ። ቀድሞኝ ቢመጣ ግን እባክዎ፣ እኔ እስክደርስ ስለ ሌላ ነገር ያጫውቱት።

ክረምቱ አይክበድብዎት፤ ጉልበትዎን ፈጣሪ ያጽናልዎት። ማታ ማታ ሲጸልዩ እንደ ወትሮው የሁለታችንንም ስም ይጥሩ።

ሴት ልጅዎ